እቅፍ የማይችለው ክብደት

ያን ቀን ማንንም አልገጨንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የአደጋ ታሪክ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። መስታወት አልተሰበረም፣ ብረት አልተጣመመም፣ የትራፊክ ፖሊስም አልተጠራም። አንድ ውሻ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ ብሎ መንገዱን አቋረጠ፣ እኔ ፍሬን ረገጥኩ፣ ውሻው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን ሄደ። ከኋላችን የነበረው ሾፌር አንዴ ጥሩምባ ነፋ። የሆነው ይኸው ነው።

ከኋላ ወንበር ላይ ግን እናቴ የሰባት ወር ልጄን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። በሰዓት ቢበዛ 40 ኪሎ ሜትር ብንሄድ ነው። ፍሬኑ ሲይዝ እናቴ ወደ ፊት ተወረወረች፤ ልጄ ከክንዷ ሾልካ ወጣችና ግንባሯ ከፊት ለፊቷ ካለው መቀመጫ ጀርባ ጋር ተላተመ። ሕፃን ልጅ ሲመታ፣ ከማልቀሱ በፊት ትንፋሹን የሚስብባት አንዲት ዝምታ አለች፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። ያቺ ዝምታ ያን ዕለት በጣም ረዘመችብኝ። ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔም ተነፈስኩ። ግንባሯ ላይ የቀረው የሳንቲም ስፋት ያለው ቀይ ምልክት ነበር፤ ሳይመሽ ጠፋ።

መኪናውን ዳር አስይዤ ዞር ስል እናቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትወዘውዛታለች። “ይዣት ነበር እኮ” አለች። ማንም አልጠየቃትም። ጥቂት ቆይታ ደግሞ “አጥብቄ ነበር የያዝኳት” አለች፤ ይህን ስትል የምታየው እኔን ሳይሆን እጆቿን ነበር።

አመንኳት። ዛሬም አምናታለሁ። እነዚያ እጆች አምስት ልጆች አሳድገዋል፤ አጥብቀው መያዛቸውን አልጠራጠርም። ነገሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእሷ አያያዝ ቢሆን ኖሮ “ሁለተኛ ጠንቀቅ በይ” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ልጄን እዚያ እቅፍ ውስጥ አስቀምጬ መሪ የጨበጥኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቶቼም የተለመዱት ነበሩ። መንገዱ አጭር ነው። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ደግሞስ ከአያቷ እቅፍ የበለጠ ምን አለ?

ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ተማሪ ሳለሁ በፊዚክስ ጎበዝ አልነበርኩም፤ ይህ ስሌት ግን ጉብዝና አይጠይቅም። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን እስከ መጨረሻው ቢረገጥ እንኳ መኪናን የሚያቆመው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ስበት ያንሳል። ስለዚህ 8 ኪሎ የምትመዝነው ልጄ ያን ዕለት ወደ ፊት የተሳበችው ከራሷ ክብደት ባነሰ ኃይል ነው። እናቴን ያሸነፋት 6 ወይም 7 ኪሎ ነው፤ ያውም ሳታስበው ስለመጣና እሷም ራሷ አብራ ስለተወረወረች።

አሁን ፍሬኑን ተውትና ግጭቱን አስቡት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ከግንብ ጋር ተጋጭቶ የፊቱ ብረት ግማሽ ሜትር ያህል ተጨማዶ ቢቆም፣ ያቆመው ኃይል የመሬት ስበትን 20 እጥፍ ይጠጋል። 8 ኪሎዋ ልጅ በዚያች ቅጽበት 160 ኪሎ ትሆናለች፤ አንድ ኩንታል ተኩል ከነምራቂው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይጠብቅም። በሌላ መንገድ ካሰላነው፣ በዚያ ፍጥነት መጋጨት 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልጅ ታቅፎ “ግድ የለም፣ ይዣታለሁ” እያለ የሚዘል ሰው የለም። መኪና ውስጥ ግን ሁላችንም ብለነዋል።

እርሳሱን ያስቀመጥኩት ከዚህ በላይ ማስላት ስላስጠላኝ ነው። ምክንያቱም የሚቀጥለው ጥያቄ ልጁን የታቀፈው ሰው ራሱ ምን ይሆናል የሚል ነው። ቀበቶ ካሰረ እሱ ይቀራል፣ ልጁ ከክንዱ ወጥቶ ይበራል። ካላሰረ ደግሞ እሱም አብሮ ይወረወርና በአዋቂው ደረትና በፊተኛው መቀመጫ መካከል የሚገባው ልጁ ነው። አንዱን ቀበቶ ለሁለት፣ ልጁን ጭምር አጠቃሎ ማሰርም መፍትሔ ይመስላል፤ እሱም ቢሆን የአዋቂውን ክብደት በቀበቶው በኩል በልጁ ሆድ ላይ መጫን ነው። የትኛውም መንገድ ተመልሶ እዚያው ያደርሳል።

ይህን የማያምን ሰው ሲያጋጥመኝ አልፈርድበትም፤ ሕግ አውጪዎችም አላመኑትምና። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ሮበርት ሳንደርስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ልጆች በመኪና ውስጥ ለልጅ በተሠራ መቀመጫ ታስረው እንዲጓዙ የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ ለዓመታት ወተወቱ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ ዋለ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም ምክር ቤቱ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ተበጀችለት፤ ሕፃኑ በሰው እቅፍ ውስጥ ከሆነ ሕጉ አይመለከተውም የምትል። ሐኪሙ ይህችን ቀዳዳ “ሕፃን ጨፍላቂዋ አንቀጽ” ይሏት ነበር። እስክትሰረዝ ድረስ ሦስት ዓመት ፈጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣች። እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

ስለዚያች አንቀጽ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያስገቧት ሰዎች ልጅ ጠል አልነበሩም፤ የየራሳቸው እናቶች እቅፍ ትዝ እያላቸው ይመስለኛል እጃቸውን ያወጡት። እቅፍ ከብርድ፣ ከውሻ፣ ከሰው፣ ከፍርሃት አድኖናል። ከፍጥነት እንደማያድን ግን ከማን እንማረዋለን? የሰው ልጅ በእግሩ ሮጦ ከሚደርስበት ፍጥነት በላይ መጓዝ የጀመረው ትናንት ነው፤ ክንዳችን ይህን ገና አልሰማም።

በማግስቱ የልጅ የመኪና መቀመጫ ገዛሁ። ገዝቼም ኮራሁ፤ ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ለአምስት ወራት ልጄን በዚያ መቀመጫ አሰርኳት። ከዚያ የባለቤቴ ታላቅ እህት ልትጠይቀን መጣች። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ብዙ አትናገርም። ልጅቷን ወደ መኪናው ይዤ ስሄድ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አስሬ ስጨርስ “እስቲ አንዴ” ብላ ጎንበስ አለችና በአንድ እጇ መቀመጫውን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀችው። መቀመጫው እንደ ሕፃን አልጋ ተወዛወዘ። ልጄ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

“ይህ ከሁለት ጣት ስፋት በታች ነው መነቃነቅ ያለበት” አለችኝ። የእኔ አንድ ክንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ትክክለኛው ልክ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚፈተሸውም ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ እንጂ ከላይ ከራስጌው ይዞ አይደለም፤ ራስጌው ትንሽ ቢላወስ ያለ ነው። በጉልበቷ መቀመጫው ላይ ተደግፋ የመኪናውን ቀበቶ በሙሉ ክብደቷ ስባ ቆለፈችውና መልሳ ነቀነቀች። አሁን የሚንቀሳቀሰው መቀመጫው አልነበረም፤ መኪናው ነበር።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። የትከሻዋን ማሰሪያ አንገት አጥንቷ አጠገብ በሁለት ጣቶቿ ቆነጠጠችው። ጨርቁ እጥፋት ሠርቶ በጣቶቿ መካከል ቀረ። “ይህ መቆንጠጥ ከተቻለ ላልቷል ማለት ነው” አለች። ማሰሪያው በዚያ ላይ አንድ ቦታ ተጣምሞ ገመድ መስሏል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ኃይሉን በሰፊው ማከፋፈል ሲገባው በአንድ መስመር ይቆርጣል። የማሰሪያው መውጫ ቀዳዳም ከትከሻዋ በላይ ነበር፤ እንደ እኛው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ባዞረ መቀመጫ ላይ ከትከሻ እኩል ወይም ዝቅ ብሎ መሆን ነበረበት። ፊት ለፊት በሚያይ መቀመጫ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከትከሻ እኩል ወይም ከፍ ብሎ። ይህ ሁሉ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ ከነላስቲኩ መቀመጫው ሥር ተሸጉጦ ነበር።

የመጨረሻው ግን ከሁሉም የከነከነኝ ነው። ልጄ ያን ዕለት ወፍራም ካፖርት ለብሳ ነበር። እህታችን ማሰሪያውን ከነካፖርቱ በደንብ አጠበቀችው፤ አሁን መቆንጠጥ አይቻልም። ከዚያ ፈታቻትና ካፖርቱን አወለቀችላት፤ ማሰሪያውን ሳትነካ መልሳ አሰረቻት። በማሰሪያውና በልጄ ደረት መካከል መዳፌ ከነአንጓው ገባ። ግጭት ሲመጣ ካፖርቱ ውስጥ ያለው አየር በአንዴ ይጨመቃል፤ ያ ክፍተት ያኔ ይፈጠራል። ስለዚህ ካፖርት ይወልቅና ከታሰሩ በኋላ ከላይ ጣል ይደረጋል፤ ብርድ ልብስም ያው ነው። ነገሩ በጣም ቀላል ነው። በአምስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላሰብኩትም።

“ስንት ጊዜ ነው በዚህ ሁኔታ የሄድነው?” ብዬ ራሴን ስጠይቅ ጮክ ብዬ ኖሯል። “ብዙ ሰው እንዲህ ነው” አለች፤ ልታጽናናኝ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ባደረገው ጥናት ከልጆች መቀመጫዎች ግማሽ የሚጠጉት በሆነ መንገድ በስህተት የታሰሩ ናቸው። የዚሁ መሥሪያ ቤት ሌላ አኃዝ ደግሞ በትክክል የታሰረ መቀመጫ ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ሞት በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉትን በ54 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ሳያቸው እህታችን ያጽናናችኝ መሰለኝ እንጂ አላጽናናችኝም።

አንዳንድ መኪኖች አይሶፊክስ የሚባለው መያዣ አላቸው፤ በመቀመጫው መደገፊያና በመቀመጫው ትራስ መካከል የተሸሸጉ፣ ከመኪናው አካል ጋር የተበየዱ የብረት ዘንጎች ናቸው። የልጁ መቀመጫ በሁለት ክንዶች ይነክሳቸዋል፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዋናው ጥቅሙ ጉልበትን መተካቱ አይደለም፤ ስህተት የሚሠራበትን ቦታ መቀነሱ ነው። መኪናው ይህ የሌለው ሰው ግን አይፈር። በቀበቶ ጠብቆ የታሰረ መቀመጫ የሚናቅ አይደለም፤ ከላልቶ መታሰር ነው መፍራት ያለብን።

ፊትን ወደ ኋላ ስለማዞር ደግሞ ከዘመድ አዝማድ ጋር ያላደረግኩት ክርክር የለም። “እግሯ ይታጠፋል”፣ “መንገዱን ማየት አትችልም”፣ “ብቸኝነት ይሰማታል”። አጎቴ በተለይ እግሯን ሲያይ አንጀቱ ይላወስ ነበር። እውነት ነው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላት እግሯ መደገፊያው ላይ ተጣጥፎ እንደ እንቁራሪት ትቀመጥ ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አላማረረችም፤ ልጆች መሬት ላይም የሚቀመጡት እንዲሁ ነው።

የክርክሩ መልስ ያለው አንገት ላይ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ በአዋቂ ላይ ግን አንድ ሰባተኛ ወይም አንድ ስምንተኛ ነው። ይህን ትልቅ ጭንቅላት የተሸከመው አንገት አጥንቱ ገና ያልገጠመ፣ ብዙው ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት የሆነ ነው። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ሕፃን ሲጋጭ ትከሻው በማሰሪያ ይቀራል፣ ጭንቅላቱ ይሄዳል፤ በመካከል የሚሳበው አንገት ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር ግን ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባ አንድ ላይ ሆነው መቀመጫው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ኃይሉ በጀርባ ሙሉ ይከፋፈላል። የተሰበረ እግር ይጠገናል፤ ከዚያ በላይ ለአጎቴ መናገር አላስፈለገኝም።

ሐሳቡን ያመጡት ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን ናቸው። ጀሚናይ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ፕሮግራም ጠፈርተኞች ሮኬት ሲነሣ ግፊቱን የሚችሉት በሰውነታቸው ልክ በተቀረጸ መቀመጫ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው መሆኑን አዩ፤ ከዚያ ወጣ የመጀመሪያው ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የልጅ መቀመጫ፤ ቮልቮ ናሙናውን የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ኩባንያ ኒልስ ቦሊን ዛሬ ሁላችንም የምናስረውን በሦስት ነጥብ የሚይዝ ቀበቶ ሠርቶ ነበር። ቦሊን ከዚያ በፊት በሳብ ኩባንያ የሚሠራው አብራሪን ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ ላይ ነበር። አስፈንጥሮ ከማውጣት ይዞ ወደ ማስቀረት የተሸጋገረ ሰው ነው። ደግነቱ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም በፈጠራው እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይሸጡ የነበሩት የልጅ መቀመጫዎች ግን ልጁ በመስኮት ውጭውን እንዲያይና ሾፌሩን እንዳያስቸግር ከፍ አድርገው የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ስለ አደጋ ያሰበ አልነበረም።

እስከ መቼ ወደ ኋላ? የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው፣ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላ ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 “ሁለት ዓመት” የሚለውን የዕድሜ ልክ ትቶ መቀመጫው የሚፈቅደው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ አለ። ስዊድኖች አራት ዓመት አካባቢ ያደርሷቸዋል። እኔ የስዊድኖቹን ያዝኩ።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ መቀመጫ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ኤርባጉ ካልተዘጋ በቀር። ኤርባግ ለስላሳ ትራስ የሚመስለው በፊልም ነው። ዐይን ከመርገብገቧ በፊት ይፈነዳል፤ የሚመታውም በሕፃኑ ጭንቅላት በኩል ያለውን የመቀመጫ ጀርባ ነው። ለእኔ ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጅ ከኋላ።

አሁን ስለ ለቅሶ ልናገር፤ ስለ ፊዚክስ ሲጻፍ እሱ ይዘለላል።

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት መታሰር ጠላች። ጠላች ስል አኮረፈች ማለቴ አይደለም። ጀርባዋን እንደ ቀስት ገትራ፣ ወገቧን ወደ ላይ ሰቅላ፣ እንጨት ትሆናለች፤ አንድን የገተረ ልጅ በመቀመጫ ማጠፍ የታጠፈ ሰነድ ወደ ፖስታ እንደመክተት አይደለም። አንገቷ ላይ የደም ሥር ይነሣል፤ መንገደኛ ዞር ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን ተሸነፍኩ። ቤታችን ሊደርስ የቀረው ሁለት መታጠፊያ ነበር፤ “እሺ” ብዬ ሳላስራት ነዳሁ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ እጆቼ መሪው ላይ አላባቸው። ልጄ ከኋላ ቆማ በመቀመጫዎቹ መካከል አንገቷን አውጥታ ትዘፍን ነበር። ደስታዋ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ የራሴ ፍርሃትም።

ያቺ ቀን ያስከፈለችኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንድ ጊዜ “እሺ” የተባለ ልጅ ሁለተኛው “እሺ” የት እንዳለ ሲፈልግ ይውላል። ባለቤቴ አንድ መላ አመጣች፤ ቁልፉ ዘለበቱ ጠቅ ሳይል አይዞርም። ቁጣ የለም፣ ልመና የለም፣ ጉቦም የለም። መኪናው ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር 25 ደቂቃ ያህል ቆመናል፤ እኔ ጋዜጣ አነበብኩ፣ ልጄ ስትጮህ ስታርፍ ቆየች። የነበረንን ቀጠሮ አለፈን። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቅ ምክንያቱን በትክክል ተናገርኩ፤ ሰውየው ሳቀ፣ ልጆች እንዳሉት ገባኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥቂት ጊዜ ሞክራለች፤ ግን ልቧ አልነበረበትም። ሞተሩ እንደማይነሣ የምታውቀው ነገር ሆነ፤ ሰማይ እንደማይወርድ።

ትልቅ ስትሆን የሚመጣው ስህተት ሌላ ነው፤ መቸኮል። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላቸው “አሁንማ ትልቅ ልጅ ናት” ተብሎ በአዋቂ ቀበቶ ብቻ ይታሰራሉ። የአዋቂ ቀበቶ ግን የተሠራው ለዳሌ አጥንት ነው። የልጅ ዳሌ ፊት ለፊቱ ያለው ጥግ እስከ አሥር ዓመት ገደማ በደንብ አይወጣም፤ ቀበቶውን የሚይዝ ነገር ስለሌለው ወደ ሆድ ይንሸራተታል፣ በግጭት ጊዜም የሚጫነው አንጀትና ጉበት ላይ ነው። የላይኛው ደግሞ አንገት ላይ ያርፋል፤ ልጁ ይከረከረውና ከጀርባው ያሳልፈዋል፤ ያኔ ቀበቶው ግማሽ ሥራውን አቆመ። ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው መቀመጫ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ልጁን ሳይሆን ቀበቶውን ነው ቦታው የሚያስይዘው። ዕድሜ መለኪያ አይደለም፤ ቁመት ነው፤ 145 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ልጄ ሰባት ዓመት አልፏት 122 ናት። “የክፍል ጓደኞቼ እኮ አይቀመጡበትም” ትለኛለች። እኔም “የክፍል ጓደኞችሽን አባቶች አነጋግራቸዋለሁ” እላታለሁ፤ ይህ ማስፈራሪያ እስካሁን ሠርቷል።

አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ በዚያው ስሌት 20 ኪሎ እንደሚሆን ካወቅኩ ወዲህ ከኋላ መስታወት ሥር ምንም አላስቀምጥም። ልጅን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ሌላ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ የምለው አይደረግም ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የልጄን የመጀመሪያ መቀመጫ ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አንድ የቅርብ ዘመዳችን ወልዳለች፤ እናቴም “ያ ወንበር ተቀምጦ አይደል? ለእሷ ይሁን” አለችኝ። ደስ ብሎኝ አቧራውን ጠረግኩ። ስገለብጠው ከታች ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አየሁት፤ አልፏል። ፕላስቲክ በፀሐይና በብርድ ይደክማል፤ መቀመጫ መኪና ውስጥ ስንት በጋና ክረምት ከርሞ ስንጥቅ ቢኖረው በዐይን አይታይም። ግጭት ውስጥ የነበረ መቀመጫም ያው ነው፤ ላዩ ደህና ስለመሰለ ለሰው አይሰጥም።

“ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?” አለች እናቴ።

“ማሰሪያውን እቆርጠዋለሁ። እንዲሁ ብጥለው የሚያነሣው ሰው ለልጁ ያደርገዋል።”

ለአፍታ አየችኝ። ደህና ዕቃ ሲበላሽ ማየት አትችልም፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። መቀስ አመጣሁ። መቀሱ ማሰሪያው ላይ ተንሸራተተ፤ ያን የሚያህል ጠንካራ ነገር መሆኑን የማውቀው አሁን ነው። የዳቦ ቢላዋ አመጣሁ፤ እሱም ጨርቁ እየተጨማደደ አስቸገረኝ። በመቀመጫው ስንጥቆች ውስጥ የደረቀ የብስኩት ፍርፋሪ አለ፣ አንዲት ቀይ የእርሳስ ቁራጭም አለች።

እናቴ አጠገቤ ተንበረከከች። ማሰሪያውን ከላይና ከታች በሁለት እጇ ይዛ ወጥራ ጎተተችው፤ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ።

“በል ቁረጥ” አለች።